ሁለት ቀን የአንድ ቀን እጥፍ ነው?

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የምስር ሳምቡሳ እየጠበስኩ የምሸጥ፣ ማታ ደግሞ አካውንቲንግ የምማር ሴት ነኝ። የስታቲስቲክስ መምህራችን ከራሳችሁ ሥራ አንድ ራንደም ቫሪያብል (እንደ ዕድል የሚለዋወጥ ቁጥር) ይዛችሁ አማካዩንና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን (ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅበትን መጠን) አስሉ ብለው አዘዙን። እኔም በቀን የምሸጠውን የትሪ ብዛት ያዝኩ። በየቀኑ አራት ትሪ ይዤ እወጣለሁ፤ የምጠብሰው ሰው ሲጠይቅ ነው፤ የተረፈው ሳይጠበስ ጎረቤቴ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። የ50 ቀን መዝገቤ ይህን ይመስላል፦ አንድ ትሪ ብቻ የሸጥኩባቸው ቀናት 5፣ ሁለት ትሪ 10፣ ሦስት ትሪ 15፣ አራት ትሪ 20። ካልኩሌተሩ አማካዩ 2.5፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 1.29 ነው አለኝ። መምህሩ ሁለቱንም ሰረዙብኝ።

እህቴም ሐረር ፈረስ መጋላ ሳምቡሳ ትሸጣለች። የእሷን መምህሩ ራሳቸው አስልተው አማካዩ 4 ትሪ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 2 ነው ብለውኛል። የሁለታችሁን ድምርና ልዩነት ሥሪ ስባል ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖቹን ደምሬ 3.29፣ ቀንሼ 0.71 አልኩ። ይህም ተሰረዘ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ከትምህርት ቤት ውጪ ነው። ከአንድ ትሪ የዕቃው ወጪ ተነሥቶ 200 ብር ይተርፈኛል። ለቦታና ለምታግዘኝ ልጅ በቀን 250 ብር እከፍላለሁ። የቤቱን ወጪ ባለቤቴ በባጃጁ ይሸፍናል። አሁን እቁብ ልገባ ነው፤ አንዱ በየቀኑ 200 ብር የሚጣልበት፣ ሌላው በሳምንት አንዴ 1,400 ብር። ባለቤቴ ‹ሰባት ጊዜ 200 ያው 1,400 ነው፣ ምን ያጨቃጭቀናል?› ይላል። እኔ ግን ልቤ አንድ አይደሉም ይለኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ሳምቡሳ ሻጯ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

እህቴ፣ የድሬ ልጅ ሆነሽ «እርስዎ» ማለትሽ ገርሞኛል። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ የምትል ከተማ መሆኗን አገር ያውቃል፤ ለእኔም አትጨነቂ። የባለቤትሽን ነገር ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፣ ምክንያቱም ክርክራችሁ የሚፈታው የቀደሙት ሁለቱ ጥያቄዎች ከተፈቱ በኋላ ነው።

ካልኩሌተሩ አልዋሸሽም፤ ያልነገርሽውን ግን ከየት ያምጣው? 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለሽ አስገባሽለት። እሱም አራት ቁጥሮች አየ፣ ደመረ፣ ለአራት አካፈለ፣ 2.5 አለ። በዚህ ስሌት አምስት ቀን ብቻ የታየው አንድ ትሪ፣ ሃያ ቀን ከታየው አራት ትሪ ጋር እኩል ሚዛን ተሰጠው። መምህርሽ ይህን ቢሰርዙ አልፈርድባቸውም፤ ለምን እንደ ሰረዙ አንድ መስመር ቢጽፉልሽ ግን ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር።

የራንደም ቫሪያብል አማካይ እያንዳንዱ ቁጥር በዕድሉ እየተባዛ የሚደመርበት ነው። ከ50 ቀን 5 ማለት 0.1፣ 10 ማለት 0.2፣ 15 ማለት 0.3፣ 20 ማለት 0.4 ነው። ዕድሎቹ ተደምረው 1 መሙላታቸውን ሁልጊዜ አስቀድመሽ አረጋግጪ፤ ካልሞሉ ከዚያ በኋላ የምትሠሪው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ያንቺ ይሞላል። እንግዲህ 1 በ0.1 ሲባዛ 0.1፤ 2 በ0.2 ሲባዛ 0.4፤ 3 በ0.3 ሲባዛ 0.9፤ 4 በ0.4 ሲባዛ 1.6። ድምሩ 3.0። በቀን በአማካይ የምትሸጪው ሦስት ትሪ ነው እንጂ ሁለት ተኩል አይደለም። በብር ሲመነዘር በቀን 100 ብር ከራስሽ ላይ ቀንሰሽ ነበር።

ወደ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ስንሄድ፣ ጥያቄው የአንድ ቀን ሽያጭ ከሦስቱ ትሪ ምን ያህል ይርቃል የሚል ነው። አንድ ትሪ የሸጥሽበት ቀን በ2 ያንሳል፣ ሁለት የሸጥሽበት በ1 ያንሳል፣ ሦስቱ ልክ ነው፣ አራቱ በ1 ይበልጣል። እነዚህን ርቀቶች ከነምልክታቸው በዕድላቸው አባዝተሽ ብትደምሪያቸው ዜሮ ይወጣል። አጋጣሚ አይደለም፤ አማካይ ማለት ከበላይና ከበታች ያለው ርቀት የሚጣፋበት ቦታ ስለሆነ ለማንኛውም ሠንጠረዥ ዜሮ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ርቀት በራሱ እናባዛዋለን፤ ያን ጊዜ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል። 4 በ0.1 ሲባዛ 0.4፤ 1 በ0.2 ሲባዛ 0.2፤ ዜሮው ዜሮ ነው፤ 1 በ0.4 ሲባዛ 0.4። ድምሩ 1.0። ይህ ቫሪያንስ ይባላል። ሲያስሉት ይመቻል፣ መለኪያው ግን «ትሪ በትሪ» የሚሉት ዓይነት ነውና በገበያ ቋንቋ ትርጉም የለውም። ስኩዌር ሩቱን ስትወስጂ ወደ ትሪ ይመለሳል። የ1 ስኩዌር ሩት 1 ስለሆነ ስታንዳርድ ዲቪዬሽንሽ 1 ትሪ ነው። ይህን ስያሜ ለኅትመት ያበቃው እንግሊዛዊው ካርል ፒርሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1894፤ ባቡሩ ድሬ ሳይደርስ፣ ድሬም ራሷ ገና ሳትቆረቆር።

በፈተና ላይ ጊዜ የሚቆጥብልሽ ሌላ መንገድ አለ። ቁጥሮቹን ራሳቸውን በራሳቸው አባዥና በዕድላቸው መዝኛቸው፦ 0.1፣ 0.8፣ 2.7፣ 6.4፤ ድምሩ 10። ከዚህ ላይ የአማካዩን ካሬ፣ ማለትም 9ን ቀንሺ፤ 1 ይቀራል። ሁለቱ መንገዶች ካልተስማሙ አንዱ ላይ ስተሻል ማለት ነው፤ እኔ ሁለቱንም ሠርቶ ማስተያየትን እመርጣለሁ።

ያቺ 1.29 ከየት እንደ መጣች ታውቂያለሽ? ካልኩሌተርሽ ላይ ሁለት የስታንዳርድ ዲቪዬሽን ቁልፎች አሉ። አንደኛው ለቁጥሮቹ ብዛት ያካፍላል፤ ሁለተኛው ከብዛቱ አንድ ቀንሶ ያካፍላል። የኋለኛውን ነው የተጫንሽው። አራት ቁጥር ብቻ ስላየ ለሦስት አካፈለና 1.29 አወጣ። ብዙ ተማሪዎች ስሕተታቸውን ሁሉ በዚህ ቁልፍ ላይ ያላክካሉ፤ ያንቺ ግን ዋናው ስሕተት እሱ አልነበረም። ሃምሳውንም ቀን አስገብተሽ ያንኑ ቁልፍ ብትጫኚ፣ 50ን ለ49 አካፍሎ ስኩዌር ሩቱን 1.01 ይልሽ ነበር። በ1 እና በ1.01 መካከል ያለውን ልዩነት ምጣድሽ አያውቀውም። ጉዳት ያደረሰው ድግግሞሹን መርሳትሽ ነው። ለደብተር ሥራ ሠንጠረዡ የራንደም ቫሪያብሉ ሙሉ ዕድል ነው ከተባልሽ 1 ብለሽ ጻፊ፤ የሃምሳ ቀን ናሙና ነው ከተባልሽ 1.01 ጻፊ።

እዚህ ላይ መምህርሽ ያልጠየቁሽን ነገር ልጠይቅሽ። ሠንጠረዥሽን እንደገና እዪው። ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ቁጥር አራት ነው፤ አራት ደግሞ ከቤት ይዘሽ የምትወጪው ጠቅላላ ዕቃ ነው። እንዲህ ከሆነ ከመቶ አርባ ቀን ትሪሽ ባዶ ሆኖ ነው የምትገቢው። ከዚያ በኋላ መጥቶ «አልቋል» የተባለውን ሰው የት መዘገብሽው? የትም። መዝገብሽ የሸጥሽውን ያውቃል፣ የተፈለገውን ግን አያውቅም። አራት ተብሎ ከተጻፈው ቀን አንዳንዱ በእውነቱ አምስት ወይም ስድስት ትሪ ሊጠየቅበት የሚችል ቀን ነበር። ስለዚህ የሽያጭሽ አማካይ 3 ቢሆንም የፈላጊሽ አማካይ ከ3 ይበልጣል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑም ከ1 መብለጡ አይቀርም፣ ምክንያቱም የላይኛው ጫፍ በትሪሽ ቁጥር ተቆርጧል።

ይህ ነገር በቁጥር የሚሠሩ ትላልቅ ሰዎችንም ያታልላል። መደርደሪያው ባዶ የነበረበትን ቀን «ሽያጩ ይህ ነበር» ብለው ይጽፉና በዚያው ልክ ደግመው ያዝዛሉ፤ ዕቃው ደግሞ ያልቃል፤ እነሱም ትንበያችን ልክ ነበር ብለው ይደሰታሉ። አንቺ ጋ ፈውሱ ቀላል ነው። አራተኛው ትሪ ያለቀበትን ሰዓት ጻፊ፤ ካለቀ በኋላ የጠየቀሽን ሰው ሁሉ በአንድ ጭረት መዝግቢ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ካለቀብሽና ገበያው እስከ ምሽት የሚቆም ከሆነ፣ አምስተኛ ትሪ መያዝ አለብሽ። የሚተርፈው ፍሪጅ የሚያድርልሽ ስለሆነ የምትከስሪው ጥቂት ነው።

ሌላም ነገር ልጨምር። ከሃምሳው ቀን ውስጥ የረመዳን ቀናት ካሉበት ለያቸው። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ድሬ ውስጥ ሳምቡሳ እንዴት እንደሚሻማ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ያ ሌላ ራንደም ቫሪያብል ነው፤ የራሱ አማካይ፣ የራሱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አለው። ሁለቱን አንድ ላይ ብታደባልቂ የሚወጣው አማካይ የረመዳኑንም የሌላውንም ቀን የማይመስል ይሆናል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑም ያለ ቦታው ያብጣል።

አሁን ወደ እህትሽ። አማካዮቹን መደመር ምንጊዜም ይፈቀዳል፦ ያንቺ 3፣ የእሷ 4፣ በጠቅላላው 7 ትሪ። ልዩነቱን ካልሽ 1። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖች ግን እንደዚህ አይደመሩም። የሚደመሩት ቫሪያንሶቹ ናቸው፣ ያውም የሁለታችሁ ገበያ አንዱ ሌላውን የማይነካ ከሆነ። ያንቺ ቫሪያንስ 1፣ የእሷ 2 በ2 ማለትም 4፤ ድምሩ 5፤ የ5 ስኩዌር ሩት 2.24 ነው። 3.29 አይደለም፤ ያንቺን በትክክለኛው 1 ተክተሽ ብትደምሪ የሚመጣው 3ም አይደለም።

ለምን አነሰ? የድሬን ከዚራ ሰፈር አስቢ። መንገዶቿ በቀጥታ ተሰምረው የተገናኙ ናቸው። አንድ ብሎክ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለት ብሎክ ወደ ሰሜን ብትሄጂ እግርሽ ሦስት ብሎክ ረግጧል፤ ከተነሣሽበት እስከ ደረስሽበት ያለው ቀጥታ ርቀት ግን 2.24 ብሎክ ብቻ ነው። ሁለት የማይነካኩ ገበያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ አንቺ በወደቅሽበት ቀን እህትሽ መውደቅ ግዴታዋ አይደለም፣ አንዳንድ ቀን እሷ ታነሣዋለች፣ ሌላ ቀን አንቺ። መዋዠቁ በከፊል እርስ በርሱ ይጣፋል።

የልዩነቱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ስንት ይመስልሻል? እሱም 2.24 ነው። እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ ይሰናከላል፤ «ስንቀንስ ቫሪያንሱም ይቀነሳል» ይላል። እስቲ አስቢው፦ እህትሽ በዛሬው ቀን ከአንቺ በስንት እንደምትበልጥ ለመገመት ስትሞክሪ የሚያሳስትሽ የእሷም ያልታወቀ ሽያጭ ነው፣ ያንቺም ያልታወቀ ሽያጭ ነው። ሁለት የማይነካኩ ምንጮች ያሉት ጥርጣሬ ከአንዱ ምንጭ ብቻ ከሚመጣው እንዴት ያንሳል? አንቺ የጻፍሽው 0.71 ደግሞ ከሁለታችሁም ያነሰ ነበር። ይህ ብቻውን «የሆነ ቦታ ስቻለሁ» ሊያሰኝሽ ይገባ ነበር።

«አንዱ ሌላውን የማይነካ ከሆነ» ያልኩትን ግን በቀላሉ አትለፊው። ድሬና ሐረር ገበያቸው ሙሉ በሙሉ የማይነካካ ከተሞች ናቸው ብዬ አልምልም። ከላይ በደጋው ሲዘንብ ፈረስ መጋላ ላይ ሰው ይበተናል፤ የደጋው ውኃ ወርዶ የደቻቱን ወንዝ ሲሞላ ከከዚራ ማዶ የሚመጣው ደንበኛሽ ይቀራል። የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ለድሬ ሰው ማስታወስ አያስፈልገኝም። በዓልም እንዲሁ ሁለታችሁን ባንድ ቀን ያነሣል ወይም ይጥላል። አብራችሁ የምትወጡና የምትወርዱ ከሆነ ኮቫሪያንስ የሚሉት፣ አብሮ የመዋዠቅ ልክ፣ ይገባል፤ ድምሩ ላይ እጥፉ ይጨመራል፣ ልዩነቱ ላይ እጥፉ ይቀነሳል። ለምሳሌ ያህል ግንኙነታችሁ፣ ኮሪሌሽን የሚሉት ማለቴ ነው፣ 0.5 ቢሆን ኮቫሪያንሱ 0.5 በ1 በ2 ተባዝቶ 1 ነው፤ የድምሩ ቫሪያንስ 7፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 2.65 ይሆናል፤ የልዩነቱ ቫሪያንስ ግን ወደ 3፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ወደ 1.73 ይወርዳል። ፍጹም አንድ ላይ የምትንቀሳቀሱ ብትሆኑ ብቻ ነው የድምሩ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 3 የሚሆነው። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖችን ዝም ብሎ የሚደምር ሰው ሳያውቀው «ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው» ብሎ መማሉ ነው። ለደብተርሽ 2.24 በቂ ነው፤ ከጎኑ «እንዳይነካኩ ታሳቢ ተደርጎ» ብለሽ ብትጽፊ መምህርሽ ይወዱታል።

ከዚህ በኋላ እቁቡ አይከብድም። መጀመሪያ ትሪውን ወደ ብር እንቀይረው። የቀን ትርፍሽ 200 ብር በትሪው ብዛት ተባዝቶ፣ 250 ብር ሲቀነስ ነው። አማካዩ 600 ሲቀነስ 250፣ ማለትም 350 ብር። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 200 ብር ነው፤ 250ው አይነካውም። የቦታው ኪራይ ቢጨምርም ቢቀንስም ሁሉንም ቀን እኩል ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጋል እንጂ መዋዠቁን አይለውጥም። ማባዣው ግን ይለውጠዋል። በቀን በቀን ስናየው፦ አንድ ትሪ ስትሸጪ 50 ብር ትከስሪያለሽ፣ ሁለት ስትሸጪ 150 ታተርፊያለሽ፣ ሦስት ስትሸጪ 350፣ አራት ስትሸጪ 550።

የቀኑ እቁብ 200 ብር ነው። የዚያን ቀን ትርፍሽ 200 የማይሞላው አንድ ወይም ሁለት ትሪ በሸጥሽበት ቀን ሁሉ ነው፤ ዕድሉ 0.1 እና 0.2፣ በድምሩ 0.3። ከሠላሳ ቀን ዘጠኙን የእቁቡ ሰብሳቢ ፊት በቀኑ ገቢ ብቻ መቆም አትችይም ማለት ነው።

የሳምንቱን እንይ። የሰባት ቀን አማካይ ትርፍ 7 በ350፣ ማለትም 2,450 ብር። እዚህ ድረስ ባለቤትሽ ልክ ነው፤ አማካይን በሰባት ማባዛት ይቻላል። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑንም በሰባት አባዝቶ 1,400 የሚል ከሆነ ግን ያጠፋል። ያ የሚሆነው ሰኞ የወጣው ዕጣ እስከ እሑድ ሳይለወጥ ሰባት ጊዜ ቢደገም ነው፤ ሰኞ አንድ ትሪ ከሸጥሽ ሳምንቱን ሙሉ አንድ አንድ ትሪ ብቻ። እንደዚያ ዓይነት ገበያ የለም። ማክሰኞ የራሱን ዕጣ ያወጣል፣ ረቡዕም የራሱን። ቀናቱ የማይነካኩ ከሆኑ የሚባዛው ቫሪያንሱ ነው፦ 200 በ200 ማለትም 40,000፣ እሱ በ7 ሲባዛ 280,000፤ ስኩዌር ሩቱ 529 ብር ገደማ። መዋዠቁ በሰባት ሳይሆን በሰባት ስኩዌር ሩት፣ በ2.65 ነው ያደገው። ገቢሽ ሰባት እጥፍ ሲያድግ ጥርጣሬሽ ሦስት እጥፍ እንኳ አልሞላም።

ይህ በፈተናም ላይ የሚመጣ ወጥመድ ነው። ኤክስን፣ ማለትም የአንድ ቀን ሽያጭሽን፣ በሁለት ማባዛትና ሁለት የተለያዩ ኤክሶችን መደመር አማካያቸው አንድ ነው፣ ያንቺ 6 ትሪ። የመጀመሪያው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ግን 2፣ የሁለተኛው 1.41 ነው። ጥያቄው «የትሪው ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር» ካለ ማባዛት ነው፤ «በሁለት ቀን ውስጥ» ካለ መደመር ነው።

የሳምንቱ እቁብ 1,400 ነው፤ አማካይ ትርፍሽ ከዚህ በ1,050 ይበልጣል። 1,050 ለ529 ሲካፈል ወደ 2 የሚጠጋ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው። ስለ ሠንጠረዥሽ ምንም ሳናውቅ እንኳ፣ ሩሲያዊው ቼቢሼቭ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው ማረጋገጫ መሠረት፣ ከአማካዩ በሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽንና ከዚያ በላይ የመራቅ ዕድል ከአራት አንድ አይበልጥም። ይህ ለማንም ሠንጠረዥ የሚሠራ ስለሆነ በጣም ለጋስ ጣሪያ ነው። ያንቺን ሠንጠረዥ ሰባት ጊዜ ደምሬ ልኩን ሳሰላው፣ የሳምንት ትርፍሽ 1,400 የማይሞላበት ዕድል ከመቶ 2.3 ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በዓመት በአማካይ አንድ ሳምንት ገደማ። ከመቶ ሠላሳ ቀን ወደ ከመቶ ሁለት ሳምንት መውረድ ቀልድ አይደለም። ልብሽ ልክ ነበር፤ ሁለቱ እቁቦች አንድ አይደሉም።

ባለቤትሽን ግን ሙሉ በሙሉ አልፍረድበት፤ አንድ የሚሆኑበት መንገድ አለ። ከደህናው ቀን የተረፈው ብር ለክፉው ቀን ከቆየ የቀኑም እቁብ ይሠራል። የከፋው ቀን 50 ብር ከስረሽ 200 የምትጥዪበት ነው፣ 250 ይጎድልሻል። ለእቁቡ ብቻ የተለየ 500 ብር ይዘሽ ብትጀምሪ ሁለት እንዲህ ያሉ ቀናት ቢከታተሉ እንኳ አትደነግጪም፤ ሁለት የተወሰኑ ቀናት ሁለቱም እንዲህ የመሆን ዕድላቸው 0.1 በ0.1፣ ከመቶ አንድ ነው። በተቃራኒው የሳምንቱ እቁብ የሚጠቅምሽ ብሩን ስድስት ቀን ሳትነኪ ማቆየት ከቻልሽ ነው። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ብር እግር አለው፤ ባጃጁ ጎማ ሲፈልግ፣ ዘመድ ሲመጣ፣ ማን እንደ ወሰደው ሳይታወቅ ይወጣል። ይህን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አይነግርሽም፤ ቤትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ የሳምንቱን ግቢ፣ ብሩንም በየማታው ባንክ ወይም በስልክሽ ሒሳብ ውስጥ አስገቢ። ሁለታችሁም የማትስማሙ ከሆነ የቀኑን በ500 ብር መነሻ ግቢ፤ ያም አያስወቅስም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ይህ ሁሉ ስሌት ቀናቱ አይነካኩም በሚል ላይ የቆመ ነው። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከዘነበ ወይም ሳምንቱን ሙሉ ገበያው ከቀዘቀዘ 529ኙ ከፍ ይላል፣ 2.3ቱም ይጨምራል። ያንቺ መዝገብ የትኛው ቀን ከየትኛው ቀጥሎ እንደ መጣ አይናገርም፤ ጭረት ብቻ ነው የቆጠርሽው። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ከቁጥሩ ጎን ቀኑን ጻፊ። እህትሽም ሐረር ሆና እንዲሁ ታድርግ፣ በተመሳሳይ ቀን የሁለታችሁ ቁጥር ጎን ለጎን እንዲቀመጥ። ቀን ያልተጻፈባቸው ሁለት ዝርዝሮች ኮቫሪያንስ አይወጣላቸውም። ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱን ደብተሮች ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ያን ጊዜ 2.24 ይሁን 2.65 ይሁን በግምት ሳይሆን ከመዝገባችሁ እናየዋለን።